የግንቡ ንባብና ትርጓሜ

ወረቀቷ በእንግሊዝኛ የተጻፈች አንድ ገጽ ናት። የሰጠኝ ለውጭ አገር እንግዶች ጉዞ የሚያዘጋጅ፣ ሁለተኛ ደረጃ አብሮኝ የተማረ ሰው ነው፤ ጎንደር ፒያሳ ካለው ቢሮው ድረስ አስጠርቶ ነው የሰጠኝ። እኔ አስጎብኚ ነኝ። ጎንደር ከነገሥታቱ ግቢ በር ላይ እንግዳ ተቀብዬ ከግንብ ግንብ ማዞር ከጀመርኩ አሥራ ስድስት ዓመት አልፎኛል። ያን ሁሉ ዘመን ስናገር የኖርኩትን ትቼ በወረቀቷ ላይ ያለውን እንድሸመድድ ነበር የፈለገው። ሦስተኛው መስመር እንዲህ ይላል፦ «ይህ ግንብ በፖርቹጋል ግንበኞች የተሠራ፣ በአፍሪካ ተራሮች መካከል የተገኘ የአውሮፓ ቁራጭ ነው።»

ማን ጻፈው ብዬ ጠየቅኩት። ማንም ይጻፈው፣ እንግዶቹ መስማት የሚፈልጉት ይኼንኑ ነው አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ ቡድን ሊመጣ ነው፤ አሥራ ሁለት ጡረተኞች። የምትመራቸው ሴትዮ የታሪክ መምህርት የነበረች ስትሆን፣ ጉዞ ለሚወዱ ሰዎች የአውሮፓን ታሪክ በቀላሉ የሚያስረዱ ትንንሽ መጻሕፍት ትጽፋለች። አሁን የምትጽፈው አውሮፓ ከአውሮፓ ውጭ ስለተወችው አሻራ ነው፤ በዚያ ውስጥ ለጎንደር አንድ ምዕራፍ አስባለች። የእሷን መጽሐፍ ይዞ የሚጓዝ ሰው ብዙ ነው። ምዕራፉ ከተጻፈ እንግዳ ይመጣል፣ እንግዳ ከመጣ ለእሱም ለእኔም ሥራ አለ። መንገድ በተዘጋባቸው ዓመታት ከግቢው በር ላይ ቆመን ርግብ ስንቆጥር የከረምን ሰዎች ነንና ነገሩ ቀላል አልነበረም። ስለዚህ አልፈረድኩበትም። ያናደደኝ ሲያሰናብተኝ የተናገራት ናት፦ «ደንበኛ ንጉሥ ነው።»

ንጉሥማ በዚህ ከተማ መች ጠፍቶ ያውቃል። ግቢው ሞልቶት አልነበር! የዚህ አገር ሰው ግን የገዛ ንጉሡ ሃይማኖትህን ለውጥ ሲለው እምቢ ያለ ሰው ነው። ይህን በሆዴ እያልኩ ወረቀቷን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳትና ወጣሁ።

እዚህ ላይ አባቴን ላስተዋውቅ። አባቴ የመጻሕፍት መምህር ናቸው። የምንኖርበት ቤትና የሚያስተምሩበት ጉባኤ ቤት ጀርባ ለጀርባ ናቸው፤ በመካከል ያለው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። ሴት ልጅ ከጉባኤው አትቀመጥም፤ ግድግዳ ግን ጆሮ አይከለክልም። እንደ ተማሪዎቹ የኔታ እያልኩ ነው ያደግኩት። ከሁሉ ቀድሞ የገባኝም የአሠራሩ ወግ ነው። መጀመሪያ ንባቡ፣ ማለት መጽሐፉ የሚለው፣ ሳይጨመር ሳይቀነስ ይነበባል። ከዚያ ትርጓሜው ይመጣል። መምህሩ አንድ ፍቺ ይሰጣሉ፤ «አንድም» ይሉና ሌላ ያመጣሉ፤ እንደገና «አንድም»፣ እንደገና ሌላ። ከቀደሙ መምህራን የተወረሰ ፍቺ፣ መምህሩ ባይወዱትም እንኳ፣ አይጣልም። ይነገራል፤ ከዚያ ካልተስማማ ይነቀፋል። ሳይነገር መንቀፍ ነውር ነው።

የአውሮፓን ታሪክ ደግሞ ያወቅኩት በሐፍረት ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ሽማግሌ እንግዳ ይህ ግንብ ሲሠራ በእኛ አገር ምን ይደረግ ነበር ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት። የእሱን ታሪክ ከእኔ የሚጠይቅበት ምክንያትም አልገባኝም ነበር። ሲሄድ አንድ ወፍራም የታሪክ መጽሐፍ ትቶልኝ ሄደ፤ ክረምቱን ሙሉ መዝገበ ቃላት ከጎኔ አድርጌ አነበብኩት። ለካ ከተማችን በተቆረቆረችበት ዘመን፣ እዚያ በጀርመኖች አገር ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይተላለቁ ኖሯል። መነሻው የካቶሊክና የፕሮቴስታንት ነገር ነው። ከዚያ በፊት የተስማሙበት አንድ ሕግ ነበራቸው፦ ያገሩ ገዥ የያዘውን ሃይማኖት ሕዝቡም ይይዛል። ገዥው ሲለውጥ ገበሬውም መለወጥ ነው፤ ካልፈለገ ጓዙን ጠቅልሎ ይውጣ።

ይህን ለአባቴ ነገርኳቸው። ከደጅ መደብ ላይ የከሰዓት ፀሐይ እየሞቁ ነበር። እስክጨርስ ሰምተው ሕዝቡ እሺ ብሎ እንደሆነ ጠየቁኝ። እሺ ያለም አለ፣ የተሰደደም አለ፣ የተዋጋም አለ አልኳቸው።

«እኛ ዘንድ የተመለሰው ንጉሡ ነው» አሉ።

እውነታቸውን ነው። ከፖርቹጋልና ከስፔን የመጡ ካህናት የሰበኳቸው ንጉሥ ሃይማኖታቸውን ለወጡ፤ አገሩም እንዲለውጥ አዘዙ። ገበሬው እምቢ አለ፤ ብዙ ደም ፈሰሰ። በመጨረሻ ንጉሡ የገዛ ገበሬያቸው ሬሳ ከፊታቸው ተጋድሞ እያዩ አዋጁን ሻሩ፤ ዘውዱንም ለልጃቸው ለቀቁ። ልጅየው ካህናቱን ከአገር አስወጡና ጎንደርን ቆረቆሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእንግዶቼ የእነሱንም የእኛንም ጎን ለጎን አድርጌ ነው የማስረዳው። ደስ የሚለው አለ፣ የሚያኮርፍም አለ።

ቡድኑ መጣ። ትልቁ ግንብ ሥር፣ ጥላው ካለበት አቆምኳቸው። የጉዞ አዘጋጁ ከኋላ ቆሟል። መምህርቷ ቀጭን፣ ቁመተ ረጅም ሴት ናት፤ ማስታወሻ ደብተሯን ዘርግታለች። ወረቀቷን ከቦርሳዬ አወጣሁ። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ጉባኤ ቤት ጥግ ያደገ ሰው ብቻ የሚሠራውን ስሕተት የሠራሁት። ጽሑፍ እጄ ላይ ሲገባ ንባብ ሆነብኝ። ንባብ ደግሞ ይነበባል፤ ከዚያ ይተረጎማል። ሌላ ነገር ሊደረግበት እንደሚችል አልታሰበኝም።

ሦስተኛውን መስመር እንደ አዋጅ ነጋሪ ድምፄን ጎትቼ አነበብኩት። ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። የጉዞ አዘጋጁ ፊት ፈካ፤ የጨረስኩ መስሎታል። እኔ ግን ቀጠልኩ። አንድም፣ አልኩ፣ ከህንድ የመጣ ግንበኛ ነበረበት የሚሉ አሉ። አንድም፣ የሠሩት የዚሁ አገር ሰዎች ናቸው፤ ዛሬ ከከተማው በስተሰሜን ስትወጡ መንገድ ዳር ሸክላ የሚሸጥበት ወለቃ የቤተ እስራኤል መንደር ነበር፤ ቤተ እስራኤል ደግሞ በብረትም በግንብም እጃቸው የታወቀ ነው። የፖርቹጋሎቹ ነገርማ፣ አልኩ፣ የዚህ ቤት ጌታ ካህናታቸውን ከአገር ያስወጣ ሰው ነው፤ ያስወጣውን ሰው ቤቴን ሥራልኝ ብሎ ማን ይለምናል? ይህ ግንብ የአውሮፓ ቁራጭ አይደለም፤ አውሮፓን አስወጥቶ በሩን የዘጋ ሰው ቤት ነው።

ጥላው እየሸሸ ፀሐይ ያዘን። መምህርቷ እጇን አነሣች። ከእነዚህ ሁሉ አንቺ የትኛውን ትይዣለሽ አለችኝ።

«ሁሉም ይያዛል» አልኩ።

የአባቴ ተማሪዎች ሲከራከሩ የሚሉት ነው። አሥራ ሁለቱም እርስ በርስ ተያዩ። ከኋላ አንዱ፣ አታውቀውም ማለት ነው ብሎ ለጎረቤቱ ሲያንሾካሹክ ሰማሁ። መምህርቷ ምንም አልጻፈችም፤ ደብተሯን አጠፈች።

ከሰዓት በኋላ የጉዞ አዘጋጁ ቢሮው ጠራኝ። ቢሮው ያለበት ሕንፃ ጣሊያን የሠራው ነው፤ ፒያሳ እንዳሉት ብዙዎቹ። ቁጣውን እስኪጨርስ ጠበቅኩት። ከዚያ ፈረንጅ የሠራውን ፈረንጅ ሠራው ለማለት ምላሴ እንደማይያዝ ነገርኩት፤ ይህን ያለንበትን ሕንፃ ማን ሠራው ቢሉኝ ጣሊያን ነው እላለሁ፤ ማንም አይከራከርም፤ ጥላቻ አይደለም የያዘኝ። እሱ ግን ጥላቻም ፍቅርም አላለም። ሴትዮዋ ከመሄዷ በፊት፣ ከነገ ወዲያ ጠዋት፣ እዚያው ግንቡ ሥር ድምፄን ልትቀርጽ ትፈልጋለች። ምዕራፉ በዚያ ይወሰናል። ወረቀቷን እንዳለች ካነበብኩ የሚመጣው እንግዳ ሁሉ የእኔ ነው፤ ካላነበብኩ ከእንግዲህ አይደውልልኝም።

«አንዲት መስመር እኮ ናት» አለኝ። «ምን ይቀርብሻል?»

ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ የእኛን አጥር የሚነቀንቀው ግን የገዛ ወገናችን መሆኑ ነው ያንገበገበኝ። የልጆቼ የትምህርት ቤት ክፍያ ቢሉ፣ ጤፍ ቢሉ፣ እሱ የማያውቀው የለም፤ ቤቴንም ያውቃል፣ ጎዶሎዬንም ያውቃል።

አባቴ ዘንድ ስሄድ የልብ ልብ የሚሰጡኝ መስሎኝ ነበር። ደግ አደረግሽ፣ የጎንደርን ስም አስጠራሽ እንዲሉኝ ነበር የፈለግኩት። የሆነውን ሁሉ አጫወትኳቸው። ተማሪዎቻቸውን አሰናብተው፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ ያነበብሽውን አንዴ ድገሚልኝ አሉኝ። እንደዚያው ድምፄን ጎትቼ ደገምኩት።

ድምፄን ምን እንዳጣመመው ጠየቁኝ። መሳቄ ነው አልኳቸው። ንባብ እየተሳቀበት አይነበብም አሉኝ። ቀጥለውም ፖርቹጋሎቹ ሠሩት የሚሉ ሰዎች ምን ይዘው እንደሚሉ ጠየቁኝ፤ ከሚሉት ሁሉ ጉልበት ያለውን።

አውቀዋለሁ እኮ። ኖራ አቃጥሎ ድንጋይ ማያያዝ የተለመደው በአባትየው ንጉሥ ዘመን፣ በእነዚያ ካህናት ጊዜ ነው የሚሉ አሉ። ከጽሑፍም አንብቤዋለሁ፣ ከሌሎች አስጎብኚዎችም ሰምቼዋለሁ። ከግንቡ ሥር ቆሜ ግን ዘልዬዋለሁ፤ ረስቼ ሳይሆን ሆን ብዬ ነው። ይህንኑ ነገርኳቸው።

«የባላጋራሽን ቃል ስታቀርቢ ጉልበቱን አትስረቂው» አሉኝ። «ከነጉልበቱ አምጪውና ከቻልሽ ጣዪው። ደሞስ ሴትዮዋ የቱን ትይዣለሽ ስትልሽ ምነው ሁሉም ይያዛል አልሽ?»

«እርስዎ ጋ እንዲያ አይደል የሚባለው፣ የኔታ?»

«እኔስ ሁሉንም ነግሬ ሳበቃ የማጸናውን አጸናለሁ። አንቺ ግን ፈርተሽ ከአባቶችሽ አንድም ኋላ ተሸሸግሽ።»

እንዲህ ያለ ነገር ሲነግሩኝ ፊቴ ይቃጠላል፤ ያን ቀንም ተቃጠለ። እኔ እኮ ደፋር ነበርኩ! አሥራ ሁለት ፈረንጅ ፊት፣ እንጀራዬን የሚሰጠኝ ሰው ፊት እምቢ ያልኩ ሰው ነኝ ብዬ ስኩራራ ነበር የመጣሁት። ነገሩን ሳሰላስለው ግን እውነታቸው ነው። እምቢ ብያለሁ፤ ምን እንደምል ግን አላልኩም። በር እንደ መዝጋትና ከበሩ ኋላ እንደ መደበቅ ነው።

በቀጠሮው ጠዋት መምህርቷ ስልኳን ለመቅረጫ አዘጋጅታ መጣች። የጉዞ አዘጋጁም አለ። ወረቀቷን አወጣሁና ድምፄን አቅንቼ፣ መልካም ነገር እንደሚያነብ ሰው፣ ከላይ እስከ ታች አነበብኳት። ከዚያ በአንድም ጀመርኩ። ፖርቹጋሎች ሠሩት የሚሉ ሰዎች ክቡን ማማና የበሩን ቅስት ያሳያሉ አልኩ። ከእሱ የሚበልጥ ማስረጃ አላቸው፤ ኖራው ነው፤ ኖራ ማቃጠል በእነዚያ ካህናት ዘመን መጣ ይላሉ። ካህናቱ ቢባረሩም ከፖርቹጋል ወታደሮች የተወለዱ፣ እዚሁ ያገቡ፣ እዚሁ የቀሩ ነበሩ፤ ከእነሱ ውስጥ ግንበኛ አልነበረም ብዬ ልምል አልችልም። ወረቀቷን የሰጠኝ ሰው ይህን ሲሰማ አንገቱን ሲነቀንቅ አየሁት። የህንዱንም ነገርኩ። የወለቃውንም፣ የከተማውንም ግንበኞች ነገርኩ።

መምህርቷ ያንኑ ጥያቄዋን ደገመች፤ አንቺስ?

«እኔ የምይዘው ይህን ነው» አልኩ። «ትምህርቱ ከየትም ይምጣ፣ የገነቡት የዚህ አገር ሰዎች ናቸው፤ ያስገነቡትም እናንተን ያስወጡ ንጉሥ ናቸው። እናንተ አገር ሕዝቡ የገዥውን ሃይማኖት ተከተለ። እዚህ ንጉሡ የሕዝቡን ተከተሉ። ይህ ግንብ የዚያ ማግስት ነው። የአውሮፓ ቁራጭ አይደለም።»

ስልኳን ዘጋች። ክፉ ሰው አይደለችም፤ በደንብ ሰምታኛለች። ያልኩት ሳያሳምናት እንዳልቀረ፣ ነገር ግን መጽሐፏ ስለ አውሮፓ አሻራ እንደሆነ፣ እንዲህ ከሆነ ጎንደር በመጽሐፏ ውስጥ ቦታ እንደሌላት በትሕትና ነገረችኝ። አንድ ምዕራፍ ሙሉ በዚያች ቅጽበት ስትሰረዝ ታየችኝ።

አልዋሽም፤ የመጣሁት ላሸንፍ ነበር። አፌ ግን የራሱን ተናገረ፦ «ይቅር። በሰው ቤት ቁራጭ ተብለን ከምንጻፍ ባንጻፍ ይሻለናል።»

ጨብጣኝ ሄደች። የጉዞ አዘጋጁ እጁን ዘርግቶ ወረቀቴን መልሺ አለኝ። ሌላው ሁሉ ቀርቶ ይህችን ወረቀት! ንባብ አይመለስም አልኩትና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳት። እንዳለውም አልደወለም። እስከ ዛሬ አልደወለም።

ከዚያ ወዲህ በሩ ላይ ቆሜ የመጣልኝን ነው የማስጎበኘው፤ አብዛኛው የአገር ሰው ነው። ከማክሰኝት ከብት ሸጦ የሚመለስ አለ፤ ሆስፒታል ሰው አስተኝቶ ግማሽ ቀን የተረፈው አለ። አንድ ቀን ከኮላ ድባ የመጡ አንድ አዛውንት፣ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ እስካሁን ከውጭ ብቻ ሳየው የኖርኩትን ቤት ዛሬ ከውስጥ አሳይኝ አሉኝ። ግንቡ ሥር አቁሜ ወረቀቷን አወጣሁ። በአማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላቸው። የኖራውን ነገር ሳልሰርቅ ተናገርኩ። ሌሎቹንም ተናግሬ የማጸናውን አጸናሁ። አሁን እንኳ አባቴ ቢሰሙኝ ብዬ ኮራ አልኩ።

አዛውንቱ ግንቡን ሽቅብ አዩት። መልሰው እኔን አዩኝ።

«ማቃጠሉን ማንም ያስተምር» አሉ። «ኖራውን ማን ተሸከመው?»

የሚያውቅ እንደሌለ ነገርኳቸው። ገበሬ ሳይሆን አይቀርም አልኩ።

«ምነው አይቀርም ትያለሽ? እህ!» አሉ። «ያ ፒያሳ ያለውንስ ቤት ማን ሠራው ትያለሽ?»

«እሱማ ጣሊያን ነው፣ አያ። እሱን ማንም አይከራከርም።»

«እኔ እከራከራለሁ» አሉ። «ድንጋዩን የተሸከመው አባቴ ነው። ጀርባው እንደተላጠ ነው የሞተ።»

አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ለስንቱ እንግዳ፣ ጣሊያን ሠራው ብዬ ነበር። ያን ወረቀት ለሰጠኝ ሰውም ፊት ለፊቱ፣ እንደ ማስረጃ አድርጌ፣ ብዬዋለሁ። አዛውንቱ ምርኩዛቸውን ይዘው ደረጃውን መውጣት ጀመሩ። ወረቀቷን ዘረጋሁና ከሦስተኛው መስመር ሥር፣ ባዶው ቦታ ላይ፣ በብዕር አንድ ቃል ጻፍኩ፦ አንድም። ከዚያ ከኋላቸው ወጣሁ፤ ከላይ ሆነን ፒያሳ ስትታይ አባታቸው ድንጋይ የተሸከሙለትን ቤት እንዲያሳዩኝ ነበር ፍላጎቴ።